የሮዛሊ ፓስፖርት

ረቡዕ፣ ሜይ 14፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ዛሬ እዚሁ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ የምጠብቃቸውን ልጆች ይዤ ፓርክ ስሄድ ሮዛሊን እያለቀሰች አገኘኋት። ፊሊፒናዊት ናት፤ እኔ ከምሠራበት ቤት አጠገብ ሞግዚት ናት። አሠሪዋ ፓስፖርቷን ቆልፋባታለች። እሑድ እንኳ ብቻዋን አታስወጣትም። "ፖሊስ ብትጠሪ ዲፖርት አድርገው ወደ አገርሽ ይመልሱሻል" ብላታለች።

እኔም ቤሩት ሳለሁ አራት ዓመት እንዲሁ ተይዤ ዝም ብያለሁ። ዛሬ ግን ለቤት ሠራተኞች የምትሟገት ጠበቃ ኮል አድርጌ ስልኩን ሰጠኋት። ጠበቃዋም "እንዳትሄጂ ብላ ፓስፖርትሽን መያዟ ወንጀል ነው። መቼ መውጣት ትፈልጊያለሽ?" አለቻት።

ሮዛሊ እንባዋን ጠርጋ "ነገ" አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ "አብረሽኝ ትሆኛለሽ?" አለችኝ።

አሠሪዎቻችን ወዳጆች ስለሆኑ ሥራዬን ላጣ እችላለሁ። ፈርቻለሁ። ቢሆንም እሺ አልኳት፤ ለሻንጣዋ የመኪናዬን ኋላ ባዶ አድርጌዋለሁ።