አማቼን እንዴት እንደገደልኩት

ኅዳር 4
መድኃኒት ቤት ስሸጥ ዋልኩ። ሦስት ሰው ሰልፍ ጥሶ ገባ፤ ሦስቱንም «ይቅርታ» አልኳቸው። ይቅርታ ጠያቂው እኔ ነኝ እንዴ?... ከሥራ በኋላ የሠፈራችን ትያትር ቡድን ልምምድ። የጦር አዛዡን የሚጫወተው ሰውዬ እግሩ ተሰብሯል። አዘጋጁ ዙሪያውን ቃኘና «አንተ!» አለኝ። እኔ እኮ መጋረጃ ጎታች ነኝ! አዛዡ ንጉሡን ገድሎ ዘውዱን ይወስዳል፤ ከዚያ መግደል ማቆም ያቅተዋል። ንጉሡ ደግሞ አማቼ ነው፣ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም። ጉድ ፈላ።

ኅዳር 7
የእንጨት ሰይፍ ተሰጠኝ። ከመምታቴ በፊት ንጉሡን «ላስቸግርህ» አልኩት። አዘጋጁ ፀጉሩን ነጨ።
«ስማ! ይሄ ሰው መጀመሪያ ሲገድል ይንቀጠቀጣል። ሁለተኛው ላይ ምክንያት ይደረድራል። ሦስተኛው ላይ ገድሎ ሲያበቃ ቁጭ ብሎ ይበላል። ገባህ?»
ገባኝ... መሰለኝ።

ኅዳር 12
ሰልፍ ጥሶ የመጣውን ጎረምሳ «ወደ ኋላ!» አልኩት። ሄደ! ተራዋን የጠበቀች አሮጊት ሳትቀር አብራው ሄደች። ደስ አለኝ። ደስ ሊለኝ ይገባል?
ቤት ገብቼ «ራት ይቅረብ!» ብዬ አወጅኩ። ባለቤቴ ከመርፌዋ ቀና እንኳ ሳትል፣ «ዘውድህን የምሰፋው እኔ ነኝ። አስፍቼ አፍንጫህ ላይ እንዳልጥልልህ!»

ኅዳር 16
አማቼ ሞቱን በየቀኑ ያስረዝማል። ዛሬ ወደቀ፣ ተነሣ፣ ልጆቹን መረቀ፣ እንደገና ወደቀ፣ እንደገና መረቀ። ሁሉም ይስቃል። ደሜ ፈላ። «ሙት እንጂ!» ብዬ በሰይፉ ግንባሩን ቋ! የምሬን።
ሳቁ ቀጥ አለ። እብጠቱ እንቁላል ያክላል። ያ ቀልደኛ ሰው ግንባሩን ይዞ ተቀመጠ። እኔ ደግሞ ለፈለፍኩ፤ ሞቱ ረዝሞ ነው፣ ሰይፉ ከብዶ ነው...
ቤት ገብቼ ራቴን በላሁ። አስጨምሬም በላሁ። ማንኪያውን ሳስቀምጥ ነው የደነገጥኩት። ሦስተኛው ላይ ደርሼ የለም እንዴ?

ኅዳር 17
ባለቤቴ አታናግረኝም። ምክንያቴን ለግድግዳው ነገርኩት። ግድግዳውም አላመነኝ።

ኅዳር 18
ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ፣ የእብጠት ቅባት ይዤ አማቼ ቤት ሄድኩ። በሩን ከፈተና ወደ ኋላ ሸሸ። አንድ እርምጃ ብቻ። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ በሩን ሲከፍት አቅፎ ነው የሚስመኝ... ፈራኝ። እኔን! ያቺ እርምጃ ወጋችኝ።
«ጋሼ፣ ይቅር በለኝ። ሞትህ ስለረዘመ አይደለም። ሰው ሲታዘዝልኝ ጣመኝ... እሱ ነው።»
ቅባቱን ተቀበለኝና፣ «ግን... ረዝሞ ነበር እንዴ?»
«ልጆችህን ሁለቴ መረቅህ እኮ።»
ሳቅ አመለጠው። «እንግዲያው አንተ ሙት፣ እኔ ልግደል። እንዴት እንደሚያጥር አሳየኝ።»
አዘጋጁም እሺ አለ፤ «ብቻ አትፋጁብኝ።»

ኅዳር 29
ትያትሩ ታየ። አዳራሹ ጢም ብሏል። ዘውዴን ደፍቼ ቆምኩ፤ አማቼ ሰይፉን አነሣ። እጁ ይንቀጠቀጣል። አዘጋጁ ከመጋረጃው ጀርባ «እሰይ!» አለ፤ ትወና መስሎታል። መታኝ። ቢራቢሮ ብታርፍብኝ የበለጠ ትከብዳለች። ወደቅኩ፤ ባጭሩ ሞትኩ። አማቼ አጠገቤ ተንበረከከና በዚያ ነጎድጓድ ድምፁ፣
«አመመህ እንዴ ወንድሜ?»
አዳራሹ ሁሉ ሰማው። ባለቤቴ ከፊት ወንበር ላይ አፏን በሁለት እጇ ይዛለች።
ምን ላድርግ? ሬሳ ነኝ። ግን ሰው ከልቡ ሲጠይቅ...
«ኧረ ደህና ነኝ፣ ጋሼ» አልኩት።