ለቡችላው የተመረቀው ጉበት

ልጄ፣ የወጣሽበት ይቅናሽ፤ በሰው አገር ደግ ደጉ ይግጠምሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ የግራ ክንዴ ብቻ ትንሽ ተልጧል።

ትተሽልኝ የሄድሽው ቡችላ አምስት ወር ሞላው፤ ሲበላ እሳት ነው። የሥጋ ዋጋ አልቀመስ ስላለ ሳንባ ገዝቼ ከሩዝና ከካሮት ጋር፣ ያለጨውና ያለሽንኩርት እቀቅልለታለሁ። ሥጋ ሻጩ «የበሰለ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀቱን ይወጋዋል» ስላለኝ አጥንት አላስነካውም።

ማክሰኞ ዕለት ያው ሥጋ ሻጭ «ለቡችላሽ» ብሎ ጉበት መረቀልኝ። አባትሽ «ለኔ ሳይደርሰኝ ለውሻ?» ብሎ የሚፈላውን ድስት አንስቶ ወረወረብኝ። አልበቃው ብሎ በቡጢ ሊደግመኝ ሲመጣ ቡችላው በመሃላችን ገብቶ ቁርጭምጭሚቱን ዘነጠለው። በእርግጫ ከግድግዳ ጋር ቢያላትመውም፣ አፍንጫው እየደማ ተመልሶ ነከሰው እንጂ አልሸሸም።

በስድስት ዓመትሽ አንቺም እንዲሁ በመሃላችን ገብተሽ ነበር። ያኔ አባትሽን ትቼ አንቺን «ምን አገባሽ!» ብዬ በጥፊ መታሁሽ። አሁን ግን ዘነዘናውን አንስቼ አስወጣሁት፤ ቁልፉንም ቀየርኩ።

ጥርስሽ ከሳቅ አይለይ። አደራ፣ ስትደውይ ስለ ክንዴ አታልቅሺ፤ ለሚያድግ ቡችላ በሳምንት ስንቴ ጉበት እንደሚበቃው ጠይቀሽ ንገሪኝ። የአባትሽ ሳህን አሁን የሱ ነው።

እናትሽ