መብራቱን ከጎን የሚያበሩት አቶ የኔሰው ሀብተማርያም

አቶ የኔሰው ከአባታቸው ከአቶ ሀብተማርያም ደምሴ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ እሙ ተሰማ በመስከረም ወር 1956 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ ተወለዱ። ቤተሰቡ ወደ ኮልፌ ስለመጣ እስከ አሥረኛ ክፍል እዚሁ ተማሩ።

በ1977 ዓ.ም. 18 ማዞሪያ ካለ ፎቶ ቤት ተቀጠሩ። ጉርድ ፎቶ ያነሱ ነበር እንጂ ልባቸው የተቀረጸ ነገር ላይ ነው፤ የቤተ ክርስቲያን በር፣ የእንጨት መስቀል፣ የመቃብር ድንጋይ። መብራቱን ፊት ለፊት አያደርጉም፣ ከጎን ዝቅ አድርገው ነው የሚያበሩት። ያኔ ጠፍቷል የተባለ ጽሑፍ በጥላው ይነበባል። በ1985 ዓ.ም. ከወ/ሮ አስካለ ቡልቻ ጋር ተጋብተው ሦስት ልጆች ወለዱ።

በኋላ ጎረቤታቸው ወጌሻው አቶ ሀምዱ ሚስኪን የተባለ ልጃቸውን ማሸት ሊያስተምሩ ፈለጉ፤ ጣት የት እንደሚጫን የሚያሳይ ፎቶ እንዲያነሱላቸውም ለመኗቸው። አቶ የኔሰውም በዚያው የጎን መብራት አነሱ። የታሸው ሰው ጀርባውን በፎቶ አይቶ ሲደነግጥ «አይዞህ፣ የጎን መብራት ትንሿን ጉብታ ተራራ ያደርጋታል» ይሉታል። ኋላ ራሳቸውን ያታለሉት በዚህችው ነው።

በ2016 ዓ.ም. ክረምት ወገባቸውን አሟቸው ለመታሸት ሲተኙ ልጃቸው ሶፊ ፎቶ አነሳቻቸው። ከትከሻቸው በታች እብጠት ታየ። «መብራቱ ነው» አሉ። አቶ ሀምዱ ግን እጃቸውን ሰበሰቡ፤ «የኔሰው፣ ይሄ የእኔ ሥራ አይደለም፤ ሐኪም ይየው» አሏቸው።

ከዚያን ቀን ወዲህ ሰው ፊት ሸሚዝ አላወለቁም። ባለቤታቸው ሲገቡ እንኳ ጀርባቸውን ለግድግዳ ይሰጣሉ። ቤቱን ፍርሃት ገባው፤ ስለ ጀርባ የሚያነሳ ጠፋ። እኔ ታናሽ እህታቸው እፀገነት «ጋሼ፣ ይልበሱና እንሂድ» ብላቸው፣ «አንቺ ችኮ፣ እኔ የምሞተው ሐኪሙ ስሙን የጠራልኝ ቀን ነው» አሉኝ። በራቸው ላይ ቁጭ አልኩ፣ አልነሳም አልኩ። ወራት አልፈው ሐኪም ቤት ሲሄዱ እብጠቱ ካንሰር ነው፣ ተሰራጭቷል ተባለ። ሲታከሙ ቆይተው ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በ62 ዓመታቸው አረፉ።

ባለቤታቸውን፣ ልጆቻቸውን ወንድዬን፣ ሶፊንና ቀዳማዊን፣ እኔንም ትተውናል። ሐኪሙ ይሄ በሽታ በዘር ሊሄድ ስለሚችል ልጆቻቸውም እህታቸውም ይታዩ ብሎን ነበር። እስከ ዛሬ አልሄድንም። ፈርተን ነው፣ ሌላ ምክንያት የለንም። ቀዳማዊ «አክስቴ፣ እኔ ምንም የለብኝም» እያለ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ይቆልፋል። እኔም ብሆን መስታወት ፊት አልዞርም።

ሰው ፊት የተባለ ነገር ስለማይታጠፍ እዚሁ እናንተ ባላችሁበት እንዲነበብ አስጽፌዋለሁ፤ ሰልስቱ እንዳለፈ አራታችንም እንታያለን። ቀዳማዊ፣ ሰምተሃል። አቶ ሀምዱም ከመካከላችን አንዱ እንዳይቀር ከኋላችን ሊሄዱ ቃል ሰጥተውኛል።

ለወንድሜ ነፍስ እግዚአብሔር ፍርሃት የሌለበትን ቦታ ያድልልን። ለእኛም እየተንቀጠቀጥንም ቢሆን ሸሚዛችንን የምናወልቅበት ጉልበት ይስጠን። አሜን።