ወላሂ ያልሁበት ምርመራ

ሰኞ፣ ኅዳር 8። ጠዋት 2፡00
የልብ ኪኒኔን ዋጥሁ። ጸጉሬ በቅሏል! መስታወት ፊት ቆሜ ብቻዬን ሳቅሁ። ቆንጆ ነኝ እኮ፣ ማን ይከለክለኛል። የጡት ካንሰር ሕክምናዬ ካለቀ አምስት ወሩ፣ አልሐምዱሊላህ። ዶ/ሯ ግን የካንሰሩ መድኃኒት ልብሽን ትንሽ አድክሞታል፣ ኪኒኑን አንድም ቀን እንዳታቋርጪ፣ ሐሙስ በአልትራሳውንድ እናየዋለን ብላኝ ነበር።

አንተ ደብተር፣ ለማንም እንዳታወራ። ያለፈው ሐሙስ ምርመራው አልሄድሁም። ሐርቡ ከተማ ሰርግ ሄድሁ። ጨፈርሁ። ትንፋሽ ሲያጥረኝ ጫማው ጠበበኝ ብዬ ተቀመጥሁ። ጫማውም እውነት ጠቦኛል፤ እግሬ አብጧል።

ከሰዓት 9፡00
ታናሽ እህቴ ሙና ከኮምቦልቻ ደወለች፣ ከፋብሪካ ስትወጣ። ምርመራው እንዴት ሆነ አለችኝ። ልብሽ ደህና ነው አሉኝ አልኋት።
«እታለም፣ ወላሂ በይ!»
«ወላሂ!»
አፌ ቀደመኝ። በደስታ አለቀሰች። ስታከም ከሥራ ፈቃድ እየለመነች ያስታመመችኝ እሷ ናት። ስልኩን ዘግቼ ፊቴን በሻሼ ሸፈንሁ። ማን ሊያየኝ?

ረቡዕ፣ ኅዳር 10። ቀን 8፡00
በሐሰት መማል፣ በዚህ ዕድሜ! ለመሐላዬ ከፋራ፣ ማካካሻ ይሁነኝ ብዬ ሦስት ቀን ልጾም ትናንት ጀመርሁ። ኪኒኑን ትቼ። ውሃም የለ። ዛሬ ከፒያሳ ስመለስ ዳገቱ ላይ ዓይኔ ጨለመ። ነጋዴው ሐጂ እንድሪስ ከሱቃቸው ወጥተው በረንዳቸው ላይ አስቀመጡኝ። ውሃ ሲሰጡኝ ጾመኛ ነኝ አልሁ። የምን ጾም ቢሉኝ ጊዜ ሁሉንም ዘረገፍሁት፤ ወሬ መች እችላለሁ።
«የዋሸሽው እህትሽን፣ የምታስርቢው ልብሽን! እሱ ምን በደለሽ፣ ልጄ?»
በሽተኛ አይጾምም፣ ይልቅ ሂጂና ለእህትሽ እውነቱን ንገሪያት አሉኝ። ጠጣሁ። መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11። ጠዋት 4፡30
ሐኪም ቤት ወረፋ ላይ ነኝ። ማለዳ እዚህ ደውዬ ማዞሩንም፣ እብጠቱንም፣ የተውሁትን ኪኒንም ነገርኋቸው። አሁኑኑ ነይ አሉኝ። ከዚያ ሙና ጋ ደወልሁ። ወላሂ ያልሁሽ ውሸት ነው አልኋት። «የት ነሽ?» ብቻ አለች።

አሁን መጣች። ሰላም አላለችኝም። አጠገቤ ተቀምጣ ያበጠ እግሬን ታያለች። ከእንግዲህ መሐላሽን አልፈልግም፣ የምርመራውን ወረቀት ነው የማየው አለችኝ። ልክ ናት። ስሜ ተጠራ። እሷም አብራኝ ልትገባ ተነሣች። ትግባ፣ ትስማ። ለዶ/ሯ አንድም ሳልደብቅ ልነግራት ነው።