አጥር የከለከላት መኪና
የአቶ ዮፍታሔ ዓምሃ የሕይወት ታሪክ

አቶ ዮፍታሔ ዓምሃ ከአባታቸው ከአቶ ዓምሃ ወልደሰማያት እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ብርቅነሽ ተሰማ በ1949 ዓ.ም. በጉለሌ፣ ቀጨኔ መድኃኔዓለም አካባቢ ተወለዱ። አባታቸው ባልዲና ማንቆርቆሪያ እየሠሩ ልጆቻቸውን ያሳደጉ ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ። ቀጥቃጭ የሚለውን ቃል በዚያ ዘመን ሰው እንደ ስድብ ይወረውረው ነበር። አቶ ዮፍታሔ ግን ሙያዎ ምንድን ነው ሲባሉ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሚመልሱት ይህንኑ ቃል ነው፤ ዛሬም በዚህ ጽሑፍ ላይ እንዲለሰልስ ቤተሰቡ አልፈቀደም።

እስከ ስምንተኛ ክፍል በሰፈራቸው ከተማሩ በኋላ በ1965 ዓ.ም. ፒያሳ አጠገብ በነበረ ጋራዥ ባትላሜራ ሆነው ተቀጠሩ። የተጨፈለቀ የመኪና አካል በመዶሻ እየቀጠቀጡ ወደ ቅርጹ ሲመልሱ ከአርባ ዓመት በላይ ሠሩ።

በ1974 ዓ.ም. ከወ/ሮ ቦንቱ ደበላ ጋር በቁስቋም ማርያም በተክሊል ተጋቡ። የተከራዩት የሙሽራ መኪና ዳገቱን እምቢ ስላለ ሙሽሪት ቬሏቸውን በእጃቸው ሰብስበው በእግራቸው ወጡ። አቶ ዮፍታሔ አፍረው፣ አንድ ቀን በገዛ እጄ በሠራሁት መኪና ወደዚህ አወጣሻለሁ ብለው ቃል ገቡ። ወ/ሮ ቦንቱ «እስቲ መጀመሪያ ዛሬን እንውጣ» ማለታቸው በቤቱ ሲሳቅበት የኖረ ነገር ነው። ከዚህ ጋብቻ ኪያና ኦልያድ ተወለዱ።

በ2007 ዓ.ም. ጡረታ ሲወጡ ጋራዡ ጓሮ ሣር የበቀለባትን አሮጌ ፊያት ይዘው ወደ ቤታቸው መጡ። እንደ ድሮዋ አድርጎ ማደስ ሐሳባቸው አልነበረም። ጣሪያዋን ቆርጠው በስንዝር ዝቅ አደረጉት፤ ከተጋጨ ፒክአፕ የወጣ ሞተር ገጠሙላት፤ የጎማ መሸፈኛ ፓራፋንጎዋን የአሸዋ ከረጢት ላይ እየቀጠቀጡ አዲስ አወጡላት። ኮፋኖ የሚባል ግን ጨርሶ አላደረጉባትም። ወ/ሮ ቦንቱ «የሞተሩን ክዳን ረሳኸው እንዴ?» ቢሏቸው «የለፋሁበትን ሰው ይየው እንጂ» አሉ።

በበዓል ቀን መዶሻ አንሥተው አያውቁም። እሑድም ቅዳሴ ሳይወጣ ብረት አይነኩም ነበር። ይህን መናገር ያስፈለገው በሰፈሩ «ይሄ ቁራሌ ሰላም ነሳን» ይባል ስለነበረ ነው። ቁራሌ አሮጌ ብረት እየለቀመ የሚሸጥ ሰው ነው፤ እሱም ሠርቶ አዳሪ ነውና ስድብ አይገባውም። አቶ ዮፍታሔ ደግሞ አንዲት ብሎን እንኳ አልሸጡም።

በ2014 ዓ.ም. መኪናዋ አለቀች፤ ሞተሯ ሲነሣ ቀጨኔ ሁሉ ሰማ። ቀጥሎ የሆነውን መደበቅ አያስፈልግም። ከኋላ ሰፋፊ ጎማ ገጥመውላት፣ ጎማውን የሚሸፍን ፓራፋንጎ አውጥተውላት ነበር። የሰው መኪና ሲለኩ የኖሩት ባለሙያ የገዛ ግቢያቸውን በር መለካት ረሱና መኪናዋ አላልፍ አለች። ፓራፋንጎው ከአካሏ ጋር ተበይዷልና አይፈታም፤ በሩም በግድግዳና በድንጋይ ግንብ መካከል ስለሆነ አይሰፋም። የቀረው መውጫ አንድ ብቻ ነበር፤ ከጎረቤታቸው ከአቶ ይገዙ ግቢ የሚለያቸው የቆርቆሮ አጥር ለአንድ ከሰዓት ተነሥቶ፣ መኪናዋ በአቶ ይገዙ ሰፊ በር ማለፍ ነበረባት። ያን ሰፊ በር በነፃ የበየዱላቸው አቶ ዮፍታሔ ነበሩ።

አቶ ይገዙ የዕድራችን ዳኛ ናቸው። «አጥር አንዴ ከተነሣ ድንበሩን ማን ይመሰክርልኛል?» ብለው እምቢ አሉ። ሽማግሌ ተላከባቸው። በዘመን መለወጫ ተለመኑ፣ በፋሲካ ተለመኑ። አቶ ዮፍታሔ ድንበሩ ላይ በሰው ፊት ብረት ልትከል ቢሉም አልሆነም። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይባላል፤ ተረቱን ያወጣው ሰው ቀጨኔ አልኖረም። አራት ዓመት ሙሉ አቶ ዮፍታሔ ቅዳሜ ቅዳሜ መኪናዋ የለበሰችውን ላስቲክ ገፍፈው፣ ሞተሯን አስነሥተው፣ እስከ አጥሩ ድረስ ነድተው ይመለሱ ነበር። ልጆቻቸው ይህን ማየት አቅቷቸው ቅዳሜ ከቤት ይወጡ ነበር።

ባለፈው ዓመት የኩላሊት ሕመም ያዛቸው። በሆስፒታል ሲረዱ ቆይተው ወደ ቤታቸው ሲመለሱ፣ ለኅዳር ስድስት የቁስቋም ንግሥ ባለቤታቸውን ይዘው ለመውጣት ተመኝተው አጥሩን እንደገና አስለመኑ። «ከበዓሉ በኋላ እናየዋለን» የሚል መልስ መጣ። አቶ ዮፍታሔ ለበዓሉ አልደረሱም። ጥቅምት 24 ቀን 2018 ዓ.ም. ንጋት ላይ በተወለዱ በ69 ዓመታቸው ዐረፉ።

በዚያው ዕለት የዕድሩ ድንኳን መጣ። ግቢው ለለቀስተኛ አይበቃም ተባለና አቶ ይገዙ ራሳቸው ፒንሳ ይዘው ወጥተው አጥሩን ነቃቀሉት። የለመናቸው ሰው አልነበረም። «ለለቅሶ ነው፤ ያለ ነው» አሉ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ለሬሳ የተነሣ አጥር በቁም ላለ ሰው ለምን አልተነሣም? ቤተሰቡ ይህን ጥያቄ ዋጥ አድርጎ እንዲያልፈው ተመክሯል፤ አልዋጠውም። ለድንኳኑ ዕድሩን እናመሰግናለን። ለአጥሩ ግን ማንንም አናመሰግንም።

አቶ ዮፍታሔ ባለቤታቸውን ወ/ሮ ቦንቱን፣ ልጆቻቸውን ኪያንና ኦልያድን፣ የልጅ ልጃቸውንም ቤዛዊትን ትተው ዛሬ ጥቅምት 25 ቀን በተጠመቁበት በቀጨኔ መድኃኔዓለም ያርፋሉ። ነፍሳቸውን መድኃኔዓለም ከደጋጎቹ ጋር ያኑርልን፤ የቀረነውንም በሕይወት ሳለን መተዛዘንን ያስተምረን።

ድንኳኑ በሠልስቱ ይነሣል። አጥሩ ግን አሁን አይመለስም። ኅዳር ስድስት ኪያ መኪናዋን እየነዳች እናቷን ወደ ቁስቋም ይዛ ትወጣለች፤ ሐዘን ላይ ያለች ሴት በመኪና ዞረች የሚል ካለ ይበል። ይህ ሁሉ አቶ ይገዙ በቆሙበት ጮክ ተብሎ እንዲነበብ ያዘዙት ወ/ሮ ቦንቱ ናቸው።