አባታችን ያጥቡት የነበረው ታንክ

ለተከበሩ ታላቅ ወንድሜ ለጋሼ ወንዳፍራሽ፤

ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? ጉልበትዎስ? የቀኝ ዓይንዎ ሞራው ተገፈፈ ወይስ አሁንም በቀጠሮ ያመላልሱዎታል? እትዬ አፀደስ ስኳሯ ወረደላት? ዘንድሮ የደሴ ብርድ ጠንክሯል ሲሉ ሰምቼ ደረትዎ አሳስቦኛል። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ቆመን እንሄዳለን። ደህና ነን ብዬ ግን አልዋሽዎትም።

በስልክ እርስዎ ይቆጣሉ፣ እኔ አለቅሳለሁ፣ ከዚያ መስመሩ ይቋረጣል። ደብዳቤ ላይ ግን ማንም መሃል አይገባብኝም። ከስምንተኛ ክፍል ያላለፈች ሴት ጽሕፈት ስለሆነ አራት ቀን ፈጅቶብኛል፤ ስህተቱን ይለፉልኝ። ጎረቤቴ ነጂባ እናቷን ልትጠይቅ ደሴ ስለምትመጣ በእጇ ትሰጥዎታለች።

ባለፈው ሁለት ነገር አዘዙኝ። የልጅሽን የእሴይን ታንክ ከቤት አውጥተሽ ጣይ፣ ጣልያን የወጋን መሣሪያ ለልጅ መታሰቢያ አይሆንም አሉኝ። መጣሉ ካቃተሽ ደግሞ ልጁ አብሮ የጻፈውን ወረቀት ቅደጂው፣ አገር ባንዳ ሊለን ነው አሉኝ። ጋሼ፣ ሁለቱንም አላደርግም።

በዓይንዎ ስላላዩት ልንገርዎ። ከጫማ ሳጥን ያነሰ የፕላስቲክ ታንክ ነው። ልጄ ኦበርን ከተማ መጋዘን እየሠራ፣ በእረፍት ቀኑ አጎንብሶ ስምንት ወር ፈጀበት። ምን እንደሆነ እኔም ያወቅኩት ካለፈ በኋላ ነው። ስለ ታንኩ የጻፈበትን ደብተር ታላቅ እህቱ ቢታንያ ከእንግሊዝኛ እየመለሰች አነበበችልኝ።

እንዲህ ይላል። ጣልያን በ1928 ሲመጣ የያዘው ሁለት ሰው የሚይዝ ትንሽ ታንክ ነበር። ወደ ፊት ብቻ ስለሚተኩስ የእኛ ሰዎች በጎንና በኋላ እየዞሩ ይይዙት ነበር። ከዚህም ከስፔንም ጦርነት ተምረው አሥራ አንድ ቶን የሚመዝን፣ ሦስት ሰው የሚይዝ መካከለኛ ታንክ ሠሩ። አሠራሩ ግን የሚገርም ነው። ከላይ በሚዞረው ራስ ላይ መትረየስ ብቻ አደረጉና ዋናውን መድፍ ከታች፣ ከገላው በስተቀኝ ተከሉት። ጠላት በጎን ከመጣ ታንኩ እንዳለ መዞር አለበት። መቶ ያህል ብቻ ሠርተው አብዛኛውን ሊቢያ በረሃ፣ ሃያ አራቱን ወደ እኛ ላኩ። በ1933 ዓ.ም. በጥር ወር ኤርትራ ውስጥ አቆርዳት ላይ የእንግሊዝ ከባድ ታንክ ገጠማቸው። የእነሱ ጥይት የእንግሊዙን ብረት እየነካ ይነጥራል፣ የእንግሊዙ የእነሱን ይበሳል። በአንድ ቀን ብዙዎቹ እዚያው ቀሩ።

አባባ ይህን ሳያነቡ ያውቁት ነበር። በ1984 እርስዎ በገዙልን ቴፕ የቀዳኋቸውን ካሴት አልረሱትም። ያ ታንክ አንገቱ የደረቀ በሬ ነበር፣ ለማየት ወገቡን ማዞር አለበት ሲሉ እርስዎም አጠገባችን ቁጭ ብለው ስቀዋል። እሴይ ያን ካሴት ደጋግሞ ሰምቶታል። አባባ በገዛ አንደበታቸው፣ ታንክ አቃጠለ የሚሉት ልጆቼ ናቸው፣ እኔ አጣቢ ነበርኩ ይላሉ። ጣልያን ከመንገድ ሥራ አንስቶ በግድ እንደወሰዳቸው፣ አቧራው ከዘይት ጋር እየተጋገረ እንደ ድስት ቂጥ ሲሆን በእንጨት እየፋቁ በባልዲ ውሃ ያጥቡ እንደነበር፣ የታንኩ ሰዎች ወጥተው ሳይመለሱ ሲቀሩ ባልዲያቸውን ደፍተው ከወር በላይ በእግራቸው ተጉዘው ወሎ እንደገቡ ሁሉ አለበት። እርስዎ ግን አባባ ያቃጠሏቸውን ታንኮች ቁጥር በየሠርጉ ይጨምራሉ። ባለፈው ሦስት ደርሰው ነበር።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናዘዝ። እሴይ ከሥራ ሲመለስ በዝናብ መንገድ ላይ የቀረ ሰሞን ቤቱ በለቀስተኛ ተሞላ። በሰልስቱ ዋዜማ ክፍሉን ላጸዳ ገባሁ። እናቲቱ ልጇን ቆሻሻ ውስጥ አኑራው ነበር እንዳይሉኝ ፈራሁ። ታንኩ ጠረጴዛው ላይ አፈር በአፈር ሆኖ አገኘሁት። ወስጄ በሳሙናና በጥርስ ብሩሽ አጠብኩት፣ እስኪያብለጨልጭ። ቢታንያ አይታ ኡኡ አለች። ማሚ፣ ቆሻሻ አይደለም፣ እሱ የሠራው ነው አለችኝ። ከስምንቱ ወር ሦስቱ ለካ አቧራውን ለመሥራት የሄደ ነበር። የልጄን የመጨረሻ ሥራ በገዛ እጄ ወደ ቧንቧ አፈሰስኩት ጋሼ። ይህንን እስከ ዛሬ ለሰው አልተናገርኩም።

ወሬው እርስዎ ዘንድ የደረሰው አቧራውን ልመልስለት ስነሣ ነው። መጀመሪያ ከጓሮ አፈር አምጥቼ በሙጫ ለወስኩ፤ ያገራችን አፈር አይደለም፣ ጠቁሮ ተሰነጣጥቆ ረገፈ። ሊንውድ ከተማ የሞዴል ሠሪዎች ማኅበር አለ፣ እሴይ የሚሄድበት። ሽማግሌያቸው ጋ ደወልኩ። እሳቸውም አቧራ ከሁሉ ይከብዳል፣ እሴይ ግን ከእኔ ይበልጥ ነበር አሉኝ። የቀለም ዱቄቱ በትንንሽ ብልቃጥ እዚያው መሳቢያው ውስጥ ነበር። የትኛውን ከየትኛው እንደሚቀላቅሉ ግን ደብተሩ ላይ አንድ መስመር ብቻ ነው ያለው። ቢታንያ ልታነብልኝ ስትል እኔ ቀደምኳት። በእንግሊዝኛ ፊደል ሽሮ ብሎ ጽፏል። ከሥሩ ደግሞ በርበሬ ብሎ ሰርዞታል።

ሽሮዬን በሳህን አፍስሼ አጠገቡ ቁጭ አልኩ። የልጆቹ አባት ሀይለየሱስ አውቶቡሱን ነድቶ ሲገባ መብራት ይይዝልኛል። የቀለም ዱቄቱን ከሽሮው መልክ ጋር እያስተያየሁ ሰባት ጊዜ ቀላቅዬ ደፋሁ። በስምንተኛው ገጠመ። በእሱ እጅ የተሠራውን አያክልም፣ አውቃለሁ። በጎማዎቹ መሃል ብሩሹ የማይገባበት ቦታ እሱ የሠራው አፈር ቀርቶ አግኝቻለሁ። እሱን አልነካሁትም።

ቅዳሜ ማኅበሩ በሚያዘጋጀው ትርኢት ላይ ይቀመጣል። ሙት ዓመቱም በዚያው ሳምንት ነው። ይህ ደብዳቤ እስኪደርስዎ ቅዳሜ ያልፋል። ሆን ብዬ ነው።

የልጁ ወረቀት አብሮት ይቆማል፤ አማርኛው ከላይ፣ እንግሊዝኛው ከታች። እንዲህ ይላል። «አያቴ ይርጉ ይህን ታንክ ተገደው ያጥቡ ነበር። አፈሩን ከሠሪዎቹም ከነጂዎቹም በላይ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው።» እኔ አንድ መስመር ጨምሬበታለሁ። «ልጃቸውም አንድ ጊዜ አጥባዋለች።» ከዚህ ሌላ የሚጨመርም የሚቀነስም የለም።

ባንዳ ይሉናል ያሉኝን አስቤበታለሁ። ይበሉ። ተገዶ ያጠበ አያፍርም፣ ያስገደደው ይፈር። አባባ ራሳቸው ያላፈሩበትን እኔና እርስዎ ምን ቤት ነን? ጋሼ፣ ልጄ ሃያ አራት ዓመት ኖሮ በአማርኛ የተወልኝ ጽሑፍ ሁለት መስመር ነው፣ ሁለቱም እውነት ነው። ለእርስዎ ሠርግ ጨዋታ ስል አልቀድም። እርስዎን መውደዴ ግን አንድ ስንዝር አልጎደለም፣ ይህንን ይወቁልኝ።

ከደብዳቤው ጋር የታንኩን ፎቶ ወረቀቱ እንዲነበብ አድርጌ ልኬያለሁ። ሳሎን ከአባባ ፎቶ አጠገብ ይስቀሉት። ነጂባ ከመመለሷ በፊት ቤትዎ ጎራ ብላ ታያለች። ተሰቅሎ ካላገኘችው ይዛልኝ ትመጣለች፤ አደራ ብያታለሁ።

እትዬ አፀደን ጉንጯን ይሳሙልኝ፣ እንጀራውን ትቀንስ። ማንአልሞሽ ልጅ አቅፋ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ጀመረች መባሉ ደስ ብሎኛል፤ ሕፃኑን አክስትህ ናፈቀችህ ይበሉልኝ። አዶኒያስ ለትምህርቱ ይበርታ፣ ካሴቱን እልክለታለሁ፣ ይስማው። ሀይለየሱስ እጅ ይነሣል። ቢታንያም በአማርኛ ሰላም በይልኝ ብላለች፤ በራሷ አፍ ነው ያለችው።

እህትዎ ሥራዬ ይርጉ
ሲያትል፣ ኦቴሎ ሠፈር
የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.