ከወረፋ የተለየው ድንጋይ

ውድ ባለቤቴ ተሰማ፣

ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ከባድ መርዶ ላረዳህ ነው። መቼም ተኝተህ ነው የምትሰማኝና ደንግጠህ ትወድቃለህ ብዬ አልሰጋም። ከኅብረት ሱቁ በር ላይ ለዓመታት በትጋትና በጽናት ተሰልፎ ቤታችንን ሲያገለግል የኖረው ድንጋያችን፣ ያው ሰማያዊ ቀለም የነካው፣ ባለፈው ሰኞ ከወረፋው ተለይቷል። ለመላው የነፋስ ስልክ ተሰላፊ መጽናናትን እመኛለሁ።

እኛ ከተለያየን ሁለተኛው ክረምት ገባ። ቤቱ ደህና ነው። ባርኔጣህ ከምስማሩ አልወረደም፤ ለሰው ልስጠው ብልም ጭንቅላቱ የሚሞላው ሰው አላገኘሁም። ጣሪያው አንተ በደፈንከው በኩል አያፈስም፤ ባልደፈንከው በኩል ያፈሳል። ከሥሩ ባልዲ አስቀምጬ «ሥራውን ሳይጨርስ ሄደ» እያልኩ አማሃለሁ።

ለነገሩ ሥራህን ያላስጨረሱህ ብዙ ናቸው። የኅብረት ሱቁ ያለበትን ያንን ሕንፃ ስትነድፈው እኮ የነፋስ ስልክ መሀል ገበያ ሊሆን ነበር። በሦስት ጎኑ ሱቅ፣ መሀሉ ግቢ፤ ከታች ጨርቃ ጨርቅ፣ መድኃኒት ቤት፣ ፎቶ ቤት፤ ከላይ ፎቁ ላይ ደግሞ ከፉሪ በአህያ የመጣ ገበሬ እህሉን ሸጦ ሲያበቃ ከተማውን ቁልቁል እያየ የሚጠጣበት ሻይ ቤት። ራት ላይ ወረቀቱን ከሰሐኑ አጠገብ ዘርግተህ ወጥ በነካው ጣትህ መግቢያ መውጫውን ስታሳየኝ፣ ፎቶ ቤቱ ላይ ያረፈው የበርበሬ ነጥብ እስከ መጨረሻው አልለቀቀም።

በረንዳው ላይ ከባለንብረቱ ጋር የተጣላችሁትንም አልረሳሁም። ሰውዬው «አንድ እርምጃ በረንዳ ማለት አንድ እርምጃ ያላከራየሁት ሱቅ ነው» አለህ። አንተ ደግሞ «ከዝናብ ያስጠለልከው ሰው አፍሮም ቢሆን ክብሪት ይገዛል» ብለህ ረታኸው። በምሰሶዎቹ መሀል የሳልከውን መቀመጫ ግን የተቀመጠ አይገዛም ብሎ ሰረዘብህ። ያን ሰሞን ምግብ አልበላ ብለህ አስቸገርከኝ። ለመቀመጫ ሲባል ያኮረፈ ወንድ ከአንተ በቀር አላየሁም።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። ሰውዬው ሄደ፣ ሕንፃው የቀበሌ ሆነ፣ ፎቁ ቀረ። ወደ ፎቁ የሚያወጣው ደረጃ ግን ቀድሞ ተሠርቶ ስለነበር እስካሁን ወደ ባዶ ሰማይ ይወጣል። የቀበሌያችን ሊቀመንበር እሱ ላይ ቆሞ ወደፊት ስለምንደርስበት ቦታ ንግግር ያደርግልናል። መድኃኒት ቤቱ ጽሕፈት ቤት፣ ፎቶ ቤቱ የአብዮት ጥበቃ ማደሪያ፣ ጨርቃ ጨርቁ የኅብረት ሱቅ ሆነ። አንተ እንዳሰብከው ሳይጎድል የቆመው በረንዳው ብቻ ነው። ልጅ አልወለድንም፤ ከአንተ የቀረኝ ያ ጥላ ነው።

ዘንድሮ እሱንም ሊያሳጡኝ ነበር። ሊቀመንበሩ በረንዳው በግንብ ይዘጋና የሱቁ መጋዘን ይሁን አለ። ሱቁ ውስጥ ከጨውና ከባዶ መደርደሪያ በቀር ምንም የለም፤ ለካ የሌለንን የምናስቀምጥበት ቦታ ጠቦን ኖሯል። ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ «ጓድ ሊቀመንበር፣ ሰፊው ሕዝብ ዝናብ ሲመጣ የት ይቁም?» ብዬ ብጠይቀው «ጥያቄው ወቅታዊ አይደለም» አለኝ። ሐምሌ ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው መልሱን የሰማነው በግድ ነው። ጎረቤታችን እማማ ድንቄ ቀሚሴን ጎትተው «አንቺ ልጅ፣ ምላስሽን ሰብስቢ! ባልሽ በረንዳ እንጂ ትርፍ አንገት አልተወልሽም» አሉኝ። ተቀመጥኩ።

ቅዳሜ ዕለት፣ ሰኞ ስኳር ይታደላል ተባለ። ደንቡን ታውቀዋለህ፤ ሰው እዚያ ማደር ስለማይችል ድንጋዩን አሰልፎ ወደ ቤቱ ይገባል። ሊቀመንበሩ ራሱ «ድንጋይ ያላሰለፈ አይስተናገድም» የሚል ማስታወቂያ ፈርሞበት፣ ማኅተም አድርጎበት በሩ ላይ ለጥፏል። እማማ ድንቄ የተሰበረ የወፍጮ መጃቸውን አስቀመጡ። እኔም ያንተን አስቀመጥኩ፤ ምሰሶዎቹ ተሠርተው ሲያልቁ የተረፈውን፣ ለማስታወሻ ብለህ ተሸክመህ ያመጣኸውን። አንተ የሞትክ ሰሞን አንዱ «የሟች ድንጋይ ይነሣ» ቢል፣ እማማ ድንቄ «እሱ ቢሞት ድንጋዩ ምን አጠፋ!» ብለው አፉን አስይዘውልኛል።

እሑድ ሁላችንንም ትምህርት ቤት ሰብስበው ስለ መጋዘኑ ጥቅም ሲያስረዱን ዋሉ። ለካ ከሌላ ቀበሌ የመጡ ግንበኞች በዚያው ሰዓት ግንቡን ጀምረውታል። የቀረበላቸው ድንጋይ ጉልበት ድረስ አድርሷቸው አለቀ። ዘወር ቢሉ ከሱቁ በር ላይ ድንጋይ በሥርዓት ተደርድሮ ይጠብቃቸዋል። ምን ይፈረድባቸዋል? «ይሄ ቀበሌ እንዴት ያለ አሳቢ ነው!» ብለው ወረፋችንን አንድ በአንድ እያነሡ ገነቡት።

ሰኞ ጠዋት ስንደርስ ወረፋው ተሰልፏል፤ ወደ ላይ።

እማማ ድንቄ መጃቸውን ደረታቸው ትይዩ አግኝተው «አሁን እኔ ከማን ቀጥዬ ነው?» አሉ። ባለሱቁ ማስታወቂያውን አነበበልን፤ ድንጋይ የሌለው ስኳር የለውም። ሲሚንቶ ስለሌለ ግንቡ የተሠራው በጭቃ ነበር፣ ጭቃውም ገና አልደረቀም። እማማ በስመ አብ ብለው መጃቸውን ነቀሉ። ከዚያ ሁሉም የየራሱን። የሌላውን ድንጋይ የነካ የለም፤ እንደዚያ ያለ ጨዋ አፍራሽ አይተህ አታውቅም።

ሊቀመንበሩ እየሮጠ መጥቶ «ማነው ያፈረሰው?» አለ። እማማ ድንቄ «ኧረ ማንም አላፈረሰ ልጄ፤ ማስታወቂያህን አክብረን ተሰለፍን እንጂ» አሉት። ማስታወቂያውን አየ። ፊርማውን አየ። አፉን ሊከፍት ሲል ሰማዩ ቀደመውና ዶፉ ወረደ። የት ይሂድ? በረንዳው ሥር ከመካከላችን ገብቶ ተሸጎጠ። ትከሻው ትከሻዬን እንደነካ ቀና ብሎ ጣሪያውን ሲያይ ቆየና «ማነው ይሄን ያህል አርዝሞ ያወጣው?» አለ፣ ለራሱ እንደሚያወራ።

«ተሰማ ነው» አልኩት። ስምህን ሰው ፊት ከጠራሁ ቆይቻለሁና ደገምኩት። ስለ መጋዘኑም ከዚያ ወዲህ ያነሣ የለም።

ከግንቡ የቀረው ጉልበት ድረስ ያለው ነው። ከምሰሶ እስከ ምሰሶ፣ አንተ በሳልከው ቦታ፣ አንተ በሳልከው ቁመት። ሰው ይቀመጥበታል ተሰማ! ያንተ ድንጋይ ጠፍጣፋ ስለሆነ ግንበኛው ምሰሶውን አስደግፎ ከዳር አኑሮታል። ልነቅለው እጄን ሰደድኩ፤ እጄ እምቢ አለኝ። ከመንገድ ሌላ ድንጋይ አንሥቼ ከጭራው ተሰለፍኩ፤ ስኳሩ እኔ ጋ ሳይደርስ አለቀ። ሻዬን እየመረረኝ ጠጣሁ። ስኳር ታበዣለሽ እያልክ ትቆጣኝ አልነበር? በል ደስ ይበልህ።

ከእንግዲህ ዝናብ በመጣ ቁጥር እዚያ ድንጋይ ላይ ነኝ። የሚጠለለው ሁሉ ባይጠይቀኝም የማን ሥራ እንደሆነ እነግረዋለሁ፤ ምላሴን ታውቀዋለህ። እናንተም ዘንድ ወረፋ ካለ ከጎንህ አንድ ድንጋይ አስቀምጥልኝ።

ያንተው በላይነሽ

ማረሚያ፦ በዚህ ደብዳቤ መግቢያ ላይ ድንጋያችን «ከወረፋው ተለይቷል» ተብሎ በመርዶ መልክ የተገለጸው በስሕተት መሆኑ ስለታወቀ፣ «ወደ ቀድሞ ምሰሶው ተመልሶ በቋሚነት ተመድቧል» ተብሎ እንዲነበብ በአክብሮት እናሳስባለን።